የአቡጀዴ ሰማይ

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ደብዳቤ እንኳን አልጻፍኩም፤ ዘመዶቼ ሁሉ በእግር የሚደረስባቸው ናቸው። በዕድሜዬ መጻፍ የነበረብኝ አንድ ማመልከቻ ብቻ ነበር። እሱንም ወረቀቱን አዘጋጅቼ፣ እጄን ታጥቤ ከተቀመጥኩ በኋላ ለሌላ ሰው አሳልፌ ሰጠሁት። የምጽፈው ስለዚያ ነው። ትምህርቴን ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ስለሆነ ፊደል ብስት አንባቢ ይለፈኝ።

ዓይን አፋር ነኝ። ሰው ሲያየኝ ምላሴ ይታሰራል። ተማሪ እያለሁ መልሱን እያወቅኩ እጄን አላወጣም ነበር፤ አንድ መምህር አጠገቤ የምትቀመጠውን ልጅ «ይቺ ድዳ ናት እንዴ?» ብሎ ጠይቋታል። ስድስተኛን አልፌ ያልቀጠልኩት እናቴ ስለሞተችና ቤት የሚይዝ ስለጠፋ ነው ይባላል። እውነት ነው። ግን አዲስ ክፍል ገብቼ ቆሜ ስሜን መናገሩም አስፈርቶኝ ነበር። የቀበሌያችን ሴቶች ማኅበር ስፌት ሲያስተምር ተመዘገብኩና ሸዋ ሮቢት ውስጥ አውራ ጎዳናው ዳር ባለችው በረንዳችን ላይ የስፌት መኪና አቁሜ መሥራት ጀመርኩ። የስፌት መኪና አንድ ደግነት አለው፤ ሰው ሲያናግርሽ ቀና ሳትዪ ብትመልሺ ማንም አይቀየምሽም።

መምህርቷ ግቢያችን ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር። ከአዲስ አበባ ተመድባ የመጣች፣ ለአምስተኛና ለስድስተኛ ክፍል ሳይንስ የምታስተምር፣ በሰባት ስምንት ዓመት የምትበልጠኝ ሴት ናት። ፊት ለፊት እትዬ፣ አንቱ ነበር የምላት። ወረቀት ላይ ግን አንቱ ማለት እምቢ አለኝ። ቆላው አልተስማማትም። «ይኼ ሙቀት ነው ቅጣት?» እያለች በደብተር ታራግባለች። ወደ አዲስ አበባ የሚያልፍ አውቶቡስ ባየች ቁጥር እስኪሰወር ድረስ በዓይኗ ትሸኘዋለች። ይኼን ያኔም አይ ነበር፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን አላሰብኩትም። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በረንዳው ላይ አጠገቤ ትቀመጣለች፣ ተማሪዎቿ ያሉትን እየነገረች ታስቀኛለች፣ እህቴ ትለኛለች። እህት የለኝም። ያ ቃል ሆዴ ድረስ ይገባ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ መጽሐፍ ይዛ መጣች።

«ድንኳን ሰፍተሽ ታውቂያለሽ?»

«ኧረ አላውቅም እትዬ።»

«ሰማይስ?»

እየቀለደች መስሎኝ ስፌቴን ቀጠልኩ። መጽሐፉን ከያዝኩት ጨርቅ በላይ ዘረጋችው። ፎቶግራፉ ላይ የውጭ አገር ልጆች ክብ ጣሪያ ያለው ጨለማ አዳራሽ ውስጥ ወንበራቸው ላይ ተንጋለው ወደ ላይ ያያሉ። ጣሪያው ኮከብ በኮከብ ነው። መሐል ላይ የቆመው መሣሪያ ነው ኮከቡን በብርሃን ጣሪያው ላይ የሚረጨው።

«የእኛ ልጆች የሚማሩት ቀን ነው፤ ኮከብ የሚወጣው ማታ ነው» አለች። «ስለዚህ ሰማዩን ቀን እናመጣላቸዋለን። የሚታጠፍ፣ የሚጫን ይሆናል። ጀውሃም ካራቆሬም ላሉ ልጆች ይዘነው እንዞራለን።»

«እንዞራለን» ያለችው እኔንም ጨምራ መሆኑ ገርሞኝ ቀና ብዬ አየኋት።

«ምን ታዪኛለሽ? አንቺን በረዳትነት አስቀጥርሻለሁ። ማመልከቻ ታስገቢያለሽ፣ እኔ እደግፍሻለሁ። ዕድሜ ልክሽን የሰው ቁምጣ ስትጠግኚ ልትኖሪ ነው እንዴ?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ የምፈልገው ነገር አንድ ብቻ ሆነ።

ድንኳኑን የምሰፋበት አቡጀዴ ከትምህርት ቤቱ መጋረጃ የተረፈ ነበር። ብርሃን እንዳያሳልፍ በላዩ የምናለብሰው ጥቁር ጨርቅ ደግሞ የቀበሌው ኪነት ቡድን የጣለው የመድረክ መጋረጃ ነው። አንድ ቦታ ላይ የሲጋራ ቀዳዳ ነበረው፤ ጠቀምኩት። የቸገረን ምን እንደሚያቆመው ነው። ምሰሶ ካቆምንበት መሐሉ ይዘጋል፣ ያለ ምሰሶ ደግሞ ይወድቃል። መምህርቷ ወረቀት ላይ ስትሥል ስትሰርዝ አባቴ ከማሳ ገቡ።

አባቴ በወጣትነታቸው ከአሊዩ አምባ ግመል እየነዱ ወደ አፋር በረሃ ይወርዱ የነበሩ ናቸው። በረሃ በቀን አያስኬድም፤ መንገዱን የሚያውቁት በኮከብ ነው። አሁን ሮቢ ወንዝ ዳር ሽንኩርት ያለማሉ። የመስኖ ውሃ ተራቸውን እስከ ዛሬ የሚጠብቁት ኮከብ አይተው ነው፤ ሰዓት እጃቸው ላይ አስረው አያውቁም። ሥዕሉን ከላይ ሆነው አዩት።

«አፋሮቹ ቤታቸውን ግመል ላይ ጭነው ሲሄዱ አላያችሁም?» አሉ። «እንጨቱን ያጎብጡታል፣ ሰሌኑን ይጥሉበታል፣ በቃ ቤት ነው። ሲነሱ ይፈቱታል። ያ አላህ! አስተማሪ ሆናችሁ ይኼ ጠፋችሁ?»

በማግስቱ ለጋ እንጨት ቆርጠው መጡና እሳት ላይ እያሞቁ አጎበጡልን። እኔ አቡጀዴውን እንደ ብርቱካን ክፍል ጫፉ የሾለ ዐሥራ ስድስት ቁራጭ አድርጌ ገጣጠምኩት። በር ቢኖረው ብርሃን ስለሚያስገባ በበር ፈንታ ረጅም እጅጌ ሰፋሁለት፤ ልጆቹ በእጅጌው ውስጥ እየዳሁ እንዲገቡ ነው። ሦስት ሳምንት ፈጀ። የሰው ቁምጣ ተከመረ፣ ደንበኛ ተቆጣኝ።

ኮከብ የሚረጨው መሣሪያችን የዱቄት ወተት ጣሳ ነበር። መምህርቷ የኮከቦቹን ቦታ ከመጽሐፉ ላይ እያየች ጣሳው ላይ በእርሳስ ነጥብ አደረገች። እኔ በሳሁት፤ ትልልቆቹን በሚስማር፣ መካከለኞቹን በወስፌ፣ ደቃቆቹን በመርፌ። ከእጅ ባትሪ ላይ አንጸባራቂውን አውልቀን እርቃኗን የቀረችውን አምፑል በጣሳው አፍ አስገባን። ጣሳውን በርጩማ ላይ በጎኑ አጋድመን ቀስ እያልን ስናዞረው ኮከቦቹ በምሥራቅ ወጥተው በምዕራብ ይገባሉ።

መጀመሪያ የገባነው ሦስታችን ነን። አምፑሏ ስትበራ እኩል «ውይ!» አልን። የሰፋሁት አቡጀዴ የለም። ስፌቱ የለም። ሰማይ ነው።

አባቴ ግን ጣሪያውን ከዳር እስከ ዳር አዩት። ከዚያ «ይኼ የማን ሰማይ ነው?» ብለው ጠየቁ።

«የእኛው ነው አባባ» አለች መምህርቷ።

«እስቲ ጊንጡን እዩት።»

ጊንጥ የሚባሉትን ኮከቦች የሚያውቁት አባቴ ብቻ አይደሉም፤ ቆላ ያደገ ሁሉ ያውቃቸዋል። ራሱ፣ ቀላ ያለው ልቡ፣ የተቆለመመው ጅራቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«የእኛ ጊንጥ ምዕራብ ሲደርስ በራሱ ነው የሚገባው፤ ጅራቱ ይከተለዋል። የእናንተው በጅራቱ ሊገባ ነው። ምነው፣ ከባላባት ፊት የሚወጣ ጭሰኛ ነው እንዴ የኋሊት የሚሄደው?»

ሳቅን። መምህርቷም ሳቀች። «አባባ፣ መጽሐፉ ነው እንዲህ የሚለው።»

«መጽሐፉን አላነበብኩትም። ጊንጡን ግን ወላሂ አውቀዋለሁ።»

በማግስቱ ጣሳውንና መጽሐፉን ጎን ለጎን አድርጋ ነጥብ በነጥብ አመሳከረች። ልዩነት የለውም። «አባትሽ ዓይናቸው ደክሟል» አለችኝ። እኔ የኮት እጅጌ እየሰፋሁ ነበር። እጅጌ የሚሰፋው በውስጡ በኩል ነው፤ ሲያልቅ እጅሽን ትከቺና ትገለብጪዋለሽ። ያን ጊዜ ግራው ቀኝ ይሆናል። እጄ እጅጌው ውስጥ እንዳለ ቀረ። መጽሐፉ ላይ ያለው ሥዕል ሰው ከታች ሆኖ የሚያየው ሰማይ ነው። እኛ ግን ጣሳው ውጭ ላይ ቀዳነው፤ የምናየው ደግሞ ከውስጥ ነው።

«እትዬ» አልኩ፣ ጨርቁን እያየሁ። «ልብስ በግልባጩ ነው የሚሰፋው። ሲያልቅ ይገለበጣል። እኛ ሰማዩን በገጹ ሰፋነው።»

«ይኼን ማን ነገረሽ?»

«ማንም። እጅጌ ስሰፋ ነው።»

ተነሥታ ጉንጬን ሳመችኝ። ሥዕሉን ዘይት በቀባሁት ስስ ወረቀት ላይ ቀዳሁት፣ ገለበጥኩት፣ ሌላ ጣሳ ላይ ለጥፌ እንደገና በሳሁት። በዚያኛው ጣሳ ጊንጡ ራሱን አስቀድሞ ገባ። አባቴ አዩና «አሁን ቤቱን አገኘ» ብለው ወጡ። የመጀመሪያውን ጣሳ ቁልፍ ማስቀመጫ አደረግኩት።

ከዚያ በኋላ ልጆች መጡ። ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ፣ ዛፍ ጥላ ሥር እንተክለዋለን፤ ዐሥራ አምስት ዐሥራ አምስት እየሆኑ በእጅጌው ይገባሉ። የእኔ ሥራ ባትሪውን ማብራትና ጣሳውን ማዞር ነበር፤ የምትናገረው መምህርቷ ናት። አንድ ቀን ልጆቹ ገብተው ከተቀመጡ በኋላ ለስብሰባ ተጠራች። ያኔ ስብሰባ ሲጠራ ቆይ አይባልም። «አንዴ መጣሁ» ብላ ወጣች፤ አልተመለሰችም። ውስጡ ይሞቃል። ልጆቹ መቁነጥነጥ ጀመሩ።

«ይኼ ኮከብ አይደለም፣ የሚስማር ቀዳዳ ነው!»

«ዝም በል፣ ጊንጡ ይነድፍሃል!»

«እናቴን!» አለች አንዷ፣ ማልቀስ ጀመረች።

አንድ ድምፅ «አትፍሪ፣ ይኼ ጊንጥ ከዚህ በላይ አይወርድም» አለ። የእኔ ድምፅ ነበር። ለልጅቷ ብዬ ነው የጀመርኩት፤ ከዚያ መቆም አቃተኝ። ቀዩ የጊንጡ ልብ መሆኑን፣ ምድር ስለምትዞር እሱ የሚሄድ እንደሚመስለን፣ አባቴ ሱረያ የሚሏቸው ተጠጋግተው የሚወጡ ኮከቦች የት እንዳሉ፣ ግመል ነጂዎች በየትኛው እንደሚመሩ ነገርኳቸው። ማንም አያየኝም። ያን ሁሉ ዓመት የታሰረው ምላሴ የታሰረው በሰው ዓይን እንደሆነ ያን ቀን አወቅኩ።

«ኮከብ ላይ ሰው ይኖራል?»

«አላውቅም። አንተ ስታድግ ንገረኝ።»

ሳቁ። ከዚያ ወዲህ መምህርቷ ራሷ «አንቺ ንገሪያቸው፣ እኔ ጉሮሮዬን ላሳርፍ» እያለች ውጭ ጥላ ሥር ትቀመጥ ጀመር። ከድንኳኑ ጨርቅ ባሻገር የምትጽፍበት እርሳስ ሲጫጫር ይሰማኛል። የምለውን ነበር የምትጽፈው። ደስ አለኝ፤ ለሪፖርቴ ነው ያለችኝ።

ልጆቹ «የጨለማዋ እትዬ» አሉኝ። ውጭ ግን አያውቁኝም። በበረንዳችን ሲያልፉ እኔ አንገቴን ደፍቼ እሰፋለሁ። አንድ ቀን አንዲት ልጅ እናቷ ዩኒፎርም ልታሰፋላት አመጣቻት። «ቁሚ፣ ልለካሽ» አልኳት። ልጅቷ አፏን ከፈተች። «እማ፣ እሷ ናት! ኮከቧ!» ብላ ጮኸች። ሜትሩ ከእጄ ወደቀ። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ ለማንም አልተናገርኩም፤ እዚህ መጻፌ የመጀመሪያዬ ነው።

የማመልከቻው ቀን የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ትርኢት ሊደረግ ነው፣ የየትምህርት ቤቱ የማስተማሪያ መሣሪያ ለእንግዶች ሊቀርብ ነው ተባለ። «ከትርኢቱ በፊት ማመልከቻሽ ቢገባ ጥሩ ነው» አለችኝ። ከሱቅ ጥሩ መስመር ያለው ወረቀት አመጣሁ፣ እጄን በሳሙና ታጠብኩ። እንዲያም ሆኖ የስፌት መኪናው ዘይት ከአውራ ጣቴ አልለቀቀም ነበርና ወረቀቱ ጥግ ላይ ትንሽ ቢጫ ነጠብጣብ ቀረ። «ለ» ብዬ ልጀምር ስል መጥታ አየችኝ።

«ደንብ አለው እኮ። መፈክሩ የት ነው የሚጻፈው? ጓድ የሚባለው ማን ነው? አንድ ነገር ከሳትሽ ይስቁብሻል።»

ይስቁብሻል ስትለኝ እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ።

«ስጪኝ፣ እኔ ጽፌ አስገባልሻለሁ። አንቺ ለትርኢቱ ተዘጋጂ። ለእንግዶቹ የምትናገሪው አንቺ ነሽ።»

ወረቀቱን ሰጠኋት። ሳምንቱን ሙሉ ጣሳውን በርጩማ ላይ አስቀምጬ ብቻዬን ተለማመድኩ። አባቴን ኑልኝ አልኳቸው። ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው መጡ።

የትርኢቱ ቀን እንግዶቹ ጫማቸውን እያወለቁ፣ እየሳቁ፣ በእጅጌው ሲድሁ አየሁ። ካኪ የለበሱም ነበሩ። አባቴ ከሁሉም ኋላ ገብተው ከጫፍ ተቀመጡ። ልገባ ስል መምህርቷ ክንዴን ያዘችኝ።

«ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ብትደነግጪ ሁለታችንም እንዋረዳለን። የመጀመሪያውን ዙር እኔ ልናገር፤ አንቺ ባትሪውን ያዢ።»

«ጨለማ ነው እኮ እትዬ። ጨለማ ውስጥ…»

«የመጀመሪያውን ዙር ብቻ።»

ገባሁ። አበራሁ። እንግዶቹ ልክ እንደ ልጆቹ «ውይ!» አሉ። መምህርቷ ጀመረች። «ይኼ ጊንጥ ከዚህ በላይ አይወርድም፤ አትፍሩ» አለች፤ ሳቁ። ቀዩ ልቡ ነው አለች። ግመል ነጂዎች በየትኛው እንደሚመሩ ነገረቻቸው። ልጆቹን ለማሳቅ ንግግሬን የማቆምበት ቦታ ላይ አቆመች፤ እኔ የምተነፍስበት ቦታ ላይ ተነፈሰች። እኔ ጣሳውን አዞራለሁ። አንድ እንግዳ ከጨለማው ውስጥ «እንዴት ነው ጓድ፣ ቦታቸውን ሳይስቱ የተሠሩት?» ብሎ ጠየቃት።

«ልብስ በግልባጩ ነው የሚሰፋው» አለች። «ሰማዩንም እንደዚያ ገልብጬ መቅዳት እንዳለብኝ የገባኝ አንድ ቀን እጅጌ ሲሰፋ እያየሁ ነው። እንዲያውም ልንገራችሁ፣ ትክክለኛውን ሠርቼ ሳሳያቸው እዚህ ሠፈር ያሉ አንድ ሽማግሌ ጊንጡ ተገልብጧል ብለው ሞገቱኝ። በጅራቱ ነው የሚገባው አሉኝ! እንዲህ ያለውን ኋላ ቀር እምነት ነው እንግዲህ በሳይንስ የምንታገለው።»

ድንኳኑ በሳቅ ተሞላ።

እጄ ቆመ። ጣሳው ሲቆም ሰማዩ ሁሉ ቆመ፤ የጊንጡ ራስ ምዕራብ ጫፍ ላይ ደርሶ፣ ሳይገባ ቀረ። ሳቁ ቀስ በቀስ ጠፋ። አባቴ የት ጋ እንደተቀመጡ አውቃለሁ። ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። ማንም አያየኝም፤ እነዚያኑ ቃላት ለስንት ልጅ ተናግሬአቸዋለሁ። አፌንም ከፍቼ ነበር።

«አዙሪ» አለችኝ በሹክሹክታ። «አዙሪ እንጂ።»

አዞርኩ። ይኼን የምጽፈው ሌላ ሰው ብቻ ለመክሰስ እንዳይመስል ነው፤ አዞርኩት። ጊንጡ በራሱ ገባ።

ሁለተኛ ዙር አልነበረም። ውጭ እንግዶቹ ጨበጧት። አንደኛው ድንኳኑን እየዳሰሰ «ስፌቱንስ?» ሲል «የሠፈር ልጅ አግዛኝ ነው» አለችው፤ እኔ ሁለት እርምጃ ርቄ ቆሜያለሁ። አባቴ ጫማቸውን ፈልገው አደረጉ። ቤት እስክንደርስ ፈጥነው ከፊቴ ሄዱ። በር ላይ ብቻ «ጊንጡ በራሱ ገባ፣ አየሽ? ጥሩ አድርገሽ በስተሽዋል» አሉኝ። ስለ ሽማግሌው የተባለውን እስከ ዛሬ አንድም ቀን አንስተውት አያውቁም። ድንኳኑ ውስጥም ዳግም አልገቡም።

መምህርቷን ስለ ትርኢቱ አልጠየቅኳትም። ማመልከቻዬ ገብቷል ብዬ ዋጥኩት፤ ከተቀጠርኩ ጀውሃ ሄጄ፣ ካራቆሬ ሄጄ፣ እሷ በሌለችበት ራሴ እናገራለሁ እያልኩ ነው ያን ወር ያሳለፍኩት። በጠየቅኳት ቁጥር «ገብቷል፣ ጠብቂ» ትለኛለች። ዓይኗ ግን እንደ ድሮው እኔ ላይ አያርፍም። በመጨረሻ ራሴ ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ሄድኩ። በሩ ላይ ቆሜ ስንት ሰው እንዳሳለፍኩ አላውቅም። መዝገብ ቤቱ ውስጥ መነጽር ያደረጉ ሽማግሌ ነበሩ።

«ምን ፈልገሽ ነው ልጄ?»

«ማመልከቻ… ኮከብ…»

«የምን ኮከብ?»

«ድንኳኑ… ረዳት…»

«እህ፣ የድንኳኗ!» ብለው ማኅደር አወጡ፣ አገላበጡ። «ይኸው። ስለ ረዳት ምንም የለም እኮ። ይኼ የዝውውር ጥያቄ ነው። ‹በግል ጥረቴ ፈልስፌ የሠራሁት› ይላል። ከትርኢቱ በፊት ነው የገባው፤ ከትርኢቱ በኋላ ተፈቅዷል። አዲስ አበባ። አንቺ ምኗ ነሽ?»

ወረቀቱን እያየሁ ነበር። ጥሩ መስመር ያለው ወረቀት ነው። ጥጉ ላይ ትንሽ ቢጫ ነጠብጣብ አለው።

ቤት ስደርስ በረንዳው ላይ ተቀምጣ እያራገበች ነበር። ከፊቴ ላይ አነበበችው።

«ሰማሽ እንዴ? ልነግርሽ ነበር እኮ። አየሽ፣ እዚያ ገብቼ ከተደላደልኩ እጠራሻለሁ። ይኼ ለአንቺም ነው።» ማራገቧን አቁማ «አኮረፍሽ?» አለችኝ።

ብርሃን ነበር። ታየኛለች። ምላሴ ታሰረ። መኪናዬ ጋ ሄጄ ተቀመጥኩና የማንም ያልሆነ ቁራጭ ጨርቅ ስሰፋ ዋልኩ።

የምትሄድበት ቀን ጠዋት በጎረቤት ልጅ አስጠራችኝ። ክፍሏ ውስጥ ድንኳኑን ማጠፍ አቅቷት ነው። ዐሥራ ስድስቱ ቁራጭ በየተራ ካልተጣጠፈ አይከተትም፤ ይኼን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ሄድኩ። እሷ ጎረቤት ልትሰናበት ስትወጣ ብቻዬን ቀረሁ፤ ከቤት ሁለቱንም ጣሳ አመጣሁ። ቁልፎቹን ከመጀመሪያው ላይ ዘርግፌ ሁለቱን ጭኔ ላይ አስቀመጥኳቸው። ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ያው ቀዳዳ ነው። የመጀመሪያውን ጥቅሉ ውስጥ ብከትላት አዲስ አበባ ሄዳ፣ ትልልቅ ሰዎች ፊት፣ ጊንጡን በጅራቱ ታስገባዋለች። እሷ አታውቀውም። ሰማይን ቀና ብላ አይታ አታውቅማ። ከዚያ ግን በእጅጌው እየዳሁ የሚገቡ ልጆች ታዩኝ፤ አዲስ አበባም ልጅ አለ፣ እዚያም የምታለቅስ ትኖራለች። ትክክለኛውን ከተትኩት። አንዳንድ ቀን ጥሩ አደረግኩ እላለሁ፤ አንዳንድ ቀን እጄን እረግመዋለሁ።

ጥቅሉን ተሸክሜ እስከ አውቶቡሱ አደረስኩላት። የአውቶቡሱ ረዳት ጣሪያው ላይ ወጥቶ ጫነው። የጎበጡትን እንጨቶች ጥላቸው ሄደች፤ አዲስ አበባ ብረት ይሠሩልኛል ብላለች። በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች። እኔ ከሥር ቆሜያለሁ። ጣሳውን ከተትሽ ወይ አላለችኝም። ስለ ማመልከቻው፣ ስለ አባቴ፣ ስለ ትርኢቱ አንድ ቃል ልትል ይሆናል ብዬ ቀና ብዬ አየኋት፤ የዚያን ቀን ዓይኔን አልሰበርኩም። አውቶቡሱ ተነሣ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ እንዳላት ሰው አንገቷን በመስኮቱ አወጣች።

«የድንኳኑን መጠገኛ መርፌና ክር እውስጡ ከትተሽልኛል አይደል?»